ወደ ጥጉ የተገፋው ቀንድ

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። ኢንስፔክተሩ ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ ሰው የተሰበሰበበትን በር ሳያይ፣ ከእግሩ ሥር የመኪናው ወለል ሲርገበገብ ተሰማው። ከመሬት ሆድ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም የባስ ጊታር ነበር። በላዩ የአንዲት ሴት ዘፈን ይንሳፈፋል። ከሁለቱም በላይ ደግሞ እንደ ትንኝ ቀጥ ብሎ ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ቀጭን ፉጨት አለ፤ ከዘፈኑ ጋር የማይወጣ፣ የማይወርድ፣ ዝም ብሎ የሚያፏጭ።

የኢንስፔክተሩ ግራ ጆሮ ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም። ሰው ሲያናግረው እንደ ዶሮ አንገቱን ጠምዘዝ አድርጎ ቀኙን ይሰጣል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ይቀለድበታል፤ ግን አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ሰው የሰማውን አያባክንም።

«አስከሬን ባለበት ቤት ዘፈን?» አለ።

«ምንም እንዳትነኩ ብለው በስልክ አዘዙ፤ አልነካንም» አለች ሳጅኗ በሩ ላይ ቆማ። «ግን ይሄ ፉጨት አናቴን ሊበሳው ነው። ላጥፋው?»

«ተይው። እሱም ምስክር ነው።»

ሟቹ ጋሽ ሞገድ ነበሩ። አርባ ዓመት ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ሕልም ብቻ ቀራቸው፤ በገዛ ሳሎናቸው፣ በገዛ እጃቸው የጥግ ቀንድ መሥራት። የጥግ ቀንድ ደረት የሚደርስ ትልቅ የእንጨት ስፒከር ነው። ጀርባው ሾሎ የክፍል ጥግ ውስጥ ይገጥማል። ሆዱ ውስጥ ድምፁ የሚያልፍበት መንገድ እየታጠፈና እየሰፋ ሄዶ በጎንና በጎን ወደ ግድግዳው ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቀንድ የሚሆኑት ሁለቱ ግድግዳዎች ራሳቸው ናቸው። «ግማሹን እኔ እሠራለሁ፣ ግማሹን ቤቱ ይሠራልኛል» ይሉ ነበር። ሣጥኑ ከጥጉ ፈቀቅ ካለ ግን ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ዘፈኑ አጥንት እንደሌለው ሥጋ ይልፈሰፈሳል።

አሁን በሳሎኑ ሁለት ጥጎች ሁለት ቀንዶች ቆመው ያገሳሉ። በግራው ቀንድ እግር ሥር ጋሽ ሞገድ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። አጠገባቸው በርጩማ ተገልብጧል። የሥራ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የታሰረው፣ እንጨት ነክሶ የሚይዘው የብረት ሞርሳ ጥርሱ ላይ ደም ደርቋል።

«በርጩማው ላይ ወጥተው ሳለ አንሸራቷቸው ይሆናል» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። ወዲያው አልሞቱም። ሩብ ሰዓት ያህል ነፍሳቸው ቆይታለች።»

«ሰው ቢደርስላቸውስ?»

«ቢደርስላቸው» አለ ሐኪሙ፤ ቦርሳውን ዘጋ።

አስከሬኑ ሲወጣ ኢንስፔክተሩ መሣሪያዎቹን በዓይኑ ዞረ። ሲዲ ማጫወቻው ያንኑ ዘፈን እየደጋገመ እንዲጫወት ተደርጓል። ከጎኑ አንድ ወጥ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ የመሞከሪያ መሣሪያ በርቷል፤ ፉጨቱ የሚመጣው ከእሱ ነው። መሣሪያው ሥር የተከፈተ ደብተር አለ። ገጹ ላይ ቁጥሮች ከላይ ወደ ታች ወርደዋል፤ አንድ ሺ፣ ሁለት ሺ፣ ሦስት ሺ። እስከ አራት ሺ ድረስ ከየጎናቸው የትክክል ምልክት አለ። ከዚያ በታች ሁሉም የኤክስ ምልክት። ከሥር አንድ ቃል በወፍራሙ ተጽፎ ሁለቴ ተሰምሮበታል፤ «ሰኞ»።

«ስፒከሩን ሲፈትኑበት ነበር» አለች ሳጅኗ።

«ስፒከሩ ይኸው ያፏጫል እኮ» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ደብተሩንም ኪሱ ከተተ።

የሟቹን ልጅ መጀመሪያ ጠራት። መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ የሥራ ልብሷን ያላወለቀች ወጣት ናት። ከሥራ ስትመለስ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ አባቷን ያገኘችው እሷ ናት።

«እባክዎ ያንን ፉጨት ያጥፉልኝ።»

«ትንሽ ቻይው፣ እህቴ። አባትሽ ዘፈን እያስደገሙ ይሰሙ ነበር?»

«በጭራሽ። ሁለተኛው ላይ ጆሮ ይዋሻል ነው የሚለው።» ቀና አለች። «ምን ለማለት ነው?»

«እንዲሁ ነው። ዛሬ ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

ጣቷ ላይ ያለውን ቀጭን ቀለበት አዞረች፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

«አናጺው ነው። ጓሮ ባለችው ወርክሾፕ የቀንዶቹን እንጨት የሚቆርጥ እሱ ነው። ጠዋት ከአባቴ ጋር ሲጨቃጨቁ ትቻቸው ነው የወጣሁት። ስመለስ ቧንቧው ጋ እጁን ሲታጠብ አገኘሁት።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ውሃው ቀይ ነበር።»

«ምንድን ነው ብለሽ ጠየቅሽው?»

«ሰላም ብዬው ገባሁ። ከዚያ አባቴን አየሁ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አልቻልኩም።» ቀለበቷን ለቀቀች። «በሚቀጥለው ወር ከእሱ ጋር ልንጋባ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎት። እሱ ከሆነ ይንገሩኝ። ካልሆነም ይንገሩኝ። ሳላውቅ አንድ ሌሊት ማደር አልችልም።»

አናጺው ገባ። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቷል፤ ሰጋቱራ ቅንድቡ ላይ ሰፍሯል። ገና እንደተቀመጠ ፊቱን አኮሳተረ።

«ይህን ነገር ዝም ማሰኘት አይቻልም? ጥርሴን አሳከከኝ።»

«ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

«በዘጠና ዲግሪ። የግራው ጥግ ዘጠና ዲግሪ አይደለም፤ ቤቱን የሠራው ሰው ቸኩሎ ነበር። ሣጥኑ ከግድግዳው ጋር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ጋሼ ጥፋቱ የመጋዝህ ነው አሉ። እኔ የግንበኛው ነው አልኩ። እንደ ልማዳችን ተሰዳደብን፤ ከዚያ ሻይ ጠጣን።»

«ከሻዩ በኋላስ?»

«አምስት ሰዓት ላይ ክፍተቱን የምትደፍን ቀጭን ጣውላ በሣጥኑ ጀርባ ጠርዝ ላይ በኮላ ለጠፍኩ። ሣጥኑን ክንድ ያህል ከጥጉ አራቅነውና እስከ ነገ ጠዋት እንዳይነካ ተባባልን። ኮላው ሳይደርቅ ግድግዳ ከነካ ግድግዳውን ይዞ ይቀራል።» አንገቱን ወደ ግራው ጥግ መለሰ። «ስገባ ተገፍቶ አየሁት። ሰው ሞቶ ስለ ኮላ ማውራት አፈርኩ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ሰማህ?»

«እኔ? የኤሌክትሪክ መጋዝ ላይ ነበርኩ። መጋዙ ሲጮህ ምጽአት ቢመጣ ነገ ነው የምሰማው።»

ጎረቤቲቱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። የሳሎኑ ግራ ግድግዳ የእሳቸውም ሳሎን ግድግዳ ነው። ሁለቱንም ጆሯቸውን በነጠላቸው ጫፍ ደፍነው ገቡ።

«እርስዎ ጋሽ ሞገድን አንድ ቀን ያንን ሣጥን እገለብጥብሃለሁ ብለዋቸዋል አሉ።»

«አንድ ቀን? በየሳምንቱ ነው እንጂ። ልጄ፣ እኔ የቲማቲም ዘንቢል መሸከም ካቃተኝ ቆይቷል። ሣጥን ልገለብጥ?» ከዚያ ፊታቸው ወደቀ። «ጥሩ ሰው ነበር። አሁን ከማን ጋር ልጣላ ነው?»

«ዛሬ ምን ሰሙ? በቅደም ተከተል ይንገሩኝ።»

«ዘጠኝ ሊሆን ሲል ፉጨት። መጀመሪያ ወፈር ያለ፣ ቀጥሎ ቀጠን ያለ፣ ቀጥሎ ከዚያም የቀጠነ፤ በየመሃሉ ያቆማል። ከዚያ ሁለት ወንዶች ሲነጋገሩ፤ ቃሉ አልለየልኝም። አንድ ነገር ዱብ አለ። ንግግሩ ቆመ። ከዚያ ዘፈን ተከፈተ፣ እንደ ውሃ የቀጠነ። ተመስገን፣ ዛሬስ ብርጭቆዎቼ ሊያርፉ ነው ስል፣ ዘፈኑ መሃል ላይ እርርር ብሎ አንድ ከባድ ነገር ተጎተተ። ወዲያው ብርጭቆዎቼ መደርደሪያው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ።»

«ከዘፈኑ በኋላ? እርግጠኛ ነዎት?»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ቅደም ተከተል ይጠፋኛል?»

የመጨረሻው ተጠያቂ የሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ባለሙያ ነው። ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል። ሙያውን ያስተማሩት ጋሽ ሞገድ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሙን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚለው። ልጅቱ ደውላለት በሩጫ ደርሶ ሲያለቅስ ነበር። አሁን ጋሽ ሞገድ ዘፈን የሚሰሙበት ወንበር ላይ ዘና ብሎ ተቀመጠ፤ እግሩን እግሩ ላይ ጣለ።

«ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ የመጡት መቼ ነው?»

«ያለፈው ሳምንት። ዛሬ ከሥራ አልወጣሁም። በርጩማ ላይ አትውጣ ብዬው ነበር፤ ሽማግሌ ይሰማል?»

«እኔ ስለ ድምፅ አላውቅም፤ እርስዎ አዋቂ ነዎት። ይኸው ሁለቱም ቀንዶች እየሠሩ ነው። ድምፁ እንዴት ነው?»

ባለሙያው ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ለቀቀ፤ እንደ ሕፃን ሆነ።

«ንጹሕ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ይህንን ነበር። ባሱን ሰሙት? ቤቱ ራሱ ነው የሚዘፍነው።»

«የሚረብሽ ነገር የለውም?»

«ምንም።»

ፉጨቱ በመካከላቸው እንደ ሽቦ ተወጥሮ ነበር። ኢንስፔክተሩ አመሰገነውና ተነሣ። መተላለፊያው ላይ ሲደርስ ሳጅኗን ቀስ ብሎ ጠራትና ወደ ሳሎኑ ተመልሰው ሁለቱ የግራውን ቀንድ ያዙ። አልነቃነቅ አለ። ሲጎትቱት ቀርጭ ብሎ ቀጭኗን ጣውላ ግድግዳው ላይ ትቶ ተላቀቀ። ሣጥኑ ቆሞበት የነበረው ወለል ላይ በመጎተት የተለቀለቀ፣ እንደ መጥረጊያ ምልክት የተሰመረ ደም ነበር። ባለሙያው ከወንበሩ ሆኖ ያያቸዋል፤ እግሩን ከእግሩ ላይ አወረደ።

«ሁሉንም ጥሪልኝ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሳጅኗ ወደ ጆሮው ቀረበች፤ ወደ ቀኙ። «አናጺውን ልሰረው? ጠብ አለ፣ ቀይ ውሃ አለ፣ ሞርሳውም የሱ ነው።»

«ካቴናውን አዘጋጂ። ለማን እንደሆነ ግን አትቸኩይ። አስቀድመሽ ወርክሾፑ መደርደሪያ ላይ በመስኮት ያየኋትን ቆርቆሮ አምጪልኝ።»

ተሰበሰቡ። መምህርቷ በር አጠገብ፣ ልጅቱ መስኮቱ ሥር፣ አናጺው ቆሞ፣ ባለሙያው ወንበሩ ላይ። ዘፈኑ እየዞረ ነው፤ ግራው ቀንድ ከጥጉ ስለራቀ ወፍራሙ ድምፅ ሳስቷል። ብዙም ሳይቆይ ባለሙያው ሳያስበው አንገቱን ወደዚያ ሰበቅ አደረገ። ኢንስፔክተሩ አየው።

«ጋሽ ሞገድ ከበርጩማ አልወደቁም» ብሎ ጀመረ። «ይህ ሣጥን ከጥጉ ክንድ ያህል ርቆ ነበር። አሁን ስናነሣው ሥሩ ደም አገኘን፤ ተጎትቶበታል። ደሙ መጀመሪያ ፈሰሰ፣ ሣጥኑ ቀጥሎ ተገፋ። የወደቀ ሰው ሣጥን አይገፋም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነበር።»



«ይህ ሰው ጋሽ ሞገድ በሕይወት ያሉ እንዲመስል ዘፈን ከፈተ። እንዳያቆምም ተደጋጋሚ አደረገው፤ እሳቸው ግን ሁለቴ አይሰሙም። ከዚያ መውጣት ነበረበት። በሩ እዚያ ነው፣ ማንም አላየውም። አልወጣም። ዘፈኑ ቀጠነበት። ባስ የለውም። መምህርት እንዳሉት ዘፈኑ መሃል ላይ ሣጥኑ ተጎተተ፣ ብርጭቆዎቹም መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አስቡት፤ ወለሉ ላይ ሰው እየሞተ፣ ይህ ሰው ድምፁን አስተካከለ።»

«ለምን?» አለች ልጅቱ።

«እጁ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ሠላሳ ዓመት የተበላሸ ድምፅ ሲሰማ የሚያስተካክል እጅ፣ ጌታውን አይጠይቅም። መምህርት ቀንዱ ጥግ እንደሚፈልግ ቢያውቁ ኖሮ በየሳምንቱ ባልተጣሉ፤ አንድ ቀን በጎተቱት ነበር።»

«ይህን ማን ነገረኝ?» አሉ መምህርቷ።

«ጥግን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አናጺው ነው።»

ሳጅኗ ወደ አናጺው አንድ እርምጃ ቀረበች። የልጅቱ እጅ ቀለበቷ ላይ ደረሰ።

«ግን አናጺው አምስት ሰዓት ላይ ኮላ የቀባው ራሱ ነው። እርጥብ ኮላ ግድግዳ ላይ አይገፋም፤ ከገፋም ነገ የሚቧጭረው እሱው ነው። የገፋው ሰው ድምፅ ያውቃል፣ እንጨት አያውቅም። ስለ ቀዩ ውሃም…» ኢንስፔክተሩ ቆርቆሮዋን ከሳጅኗ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ክዳኗ ዙሪያ ቀይ ቡናማ ቀለም ደርቋል። «የእንጨት ቀለም ነው። የቀንዶቹን ፊት ሲቀባ ውሏል። ልጃቸው ስትገባ እጁን ሲታጠብ አይታው፣ ደም መስሏት ነግራኛለች።»

አናጺው ልጅቱን አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው አስተያየት ነበር።

«አሁን የምነግራችሁ ከባድ ነገር ስለሆነ ዘፈኑን ላቁመው» አለ ኢንስፔክተሩ፤ እጁን ሰዶ ሲዲውን አጠፋ። ሲዲውን ብቻ።

ፉጨቱ ብቻውን ቀረ። ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ሞላው፤ ባዶ ሆኖ የባሰ ሾለ። መምህርቷ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጫኑ። ልጅቱ በሁለት መዳፏ ጆሮዋን ያዘች። ሳጅኗ ጥርሷን ነከሰች፤ አናጺው ዓይኑን ጨመቀ።

ባለሙያው ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«እፎይ» አለ። «ዝም ሲል ይሻላል። አሁን ይናገሩ።»

ሁሉም ዞረው አዩት። ባለሙያው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ተመለከተ፤ ጆሮ ላይ የተጫኑትን እጆች አንድ በአንድ አየ። ቀለሙ ከፊቱ ወረደ።

ኢንስፔክተሩ ፉጨቱን አጠፋ። አሁን በእውነት ዝም ሆነ።

«ባሱን ያስተካከለው ሰው ይህን ፉጨት ለምን አላጠፋም? ሦስት ሰዎች ጠየቅኩ፤ ሁለቱ አጥፋልን ሲሉ ለመኑኝ፣ ሦስተኛዋ ጆሯቸውን ደፍነው ገቡ። አራተኛው ንጹሕ ነው አለኝ።» ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። «ይህ የስፒከር ፈተና አይደለም። የጆሮ ፈተና ነው። ጋሽ ሞገድ አንድ በአንድ እያቀጠኑ ጠየቁህ። ከአራት ሺ በላይ አልሰማህም። ሰኞ ምን ነበር?»

«አንተ» ማለቱን ሁሉም ልብ አሉ።

ባለሙያው እጆቹን አየ። ሲናገር ድምፁ ዝግ ያለ ነበር።

«ባለፈው ሳምንት ያዘጋጀሁት ፕሮግራም በአየር ላይ ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር ፉጨት ነበረበት። ምክንያቱ የገባው እሱ ብቻ ነው። ዛሬ ጠርቶ ፈተነኝ። እስከ ሰኞ ራስህ ለአለቆችህ ንገራቸው፣ ካልነገርክ እኔ እነግራቸዋለሁ አለኝ። እኔ ከጆሮዬ ሌላ ምን አለኝ? ስሜ እንኳን ጆሮ ነው። አልገደልኩትም። ገፋሁት።»

«ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ቆይተዋል ብሏል» አለ ኢንስፔክተሩ። «ለሣጥኑ ጊዜ አገኘህለት። ስልክህ ከሣጥኑ ይቀርብህ ነበር።»

ሳጅኗ ካቴናውን ስታስገባለት ባለሙያው እጁን ራሱ ዘረጋ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ከጥጉ የራቀውን ቀንድ አየ፤ ከዚያ ወሰዱት። መምህርቷ «እንግዲህ ብርጭቆዎቼ ይረፉ» ሊሉ ጀምረው መጨረስ አቃታቸውና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ።

ልጅቱ ኢንስፔክተሩን አየችው። የለመነችውን አግኝታለች፤ ገዳዩ እጮኛዋ አይደለም። ሸክም እንዳለበት ወጥራ የያዘችው ትከሻዋ ወረደ።

አናጺው ወደ ግራው ጥግ ሄደ። ግድግዳው ላይ ተጣብቃ የቀረችውን ቀጭን ጣውላ በጣቱ ዳሰሳት። ኮላው ገና በደንብ አልደረቀም። ቀስ ብሎ አላቀቃት፣ በመሐረቡ ጠረጋት፣ ሣጥኑ ላይ አጋደማት።

«ቀለም መሆኑን አላወቅኩም» አለች ልጅቱ ከኋላው።

እርሳሱን ከጆሮው አወረደና ከጣውላዋ ጎን አስቀመጠው።

«አንድ ነገር በለኝ እንጂ።»

ከሱሪው ኪስ የግቢውን ቁልፍ አወጣ። ለአፍታ መዳፉ ላይ መዘነው፤ ከእርሳሱ አጠገብ አኖረው። ሲያልፋት ወደ እሷ አላየም፣ ወደ ኢንስፔክተሩም አላየም። በጓሮው በኩል ቢሆን መሣሪያዎቹን ለመያዝ ነው ይባል ነበር፤ በፊት በር ወጣ።

ኢንስፔክተሩ ቀኝ ጆሮውን ወደ ግቢው ሰጠ። እርምጃ ተሰማ፤ አልቸኮለም። የግቢው በር ተከፈተ። ሲዘጋ አልተሰማም።